ዋስ ያለው ካሜራ

"ብዙም አልተሠራበትም" ብሎ የማይጀምር ካሜራ ሻጭ አላጋጠመኝም። ዳር ዳሩ የተላጠ፣ ቁልፎቹ ላይ የነበሩት ምልክቶች በጣት ንክኪ ብዛት የጠፉ፣ ማንገቻው በላብ የጠቆረ ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን እንኳ ሳያሽ "ብዙም አልተሠራበትም እህቴ፣ ቤት ነው የተቀመጠው" ይላል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ አላምንም። ሥራዬም አላገዘኝም። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት ስጠረጥር እውላለሁ። "እኔ እንኳን ምንም አላመመኝም" ያለ ሰው ማይክሮስኮፕ ስር ምን ይዞ እንደሚመጣ ስላየሁ፣ ከሥራ ከወጣሁም በኋላ ያው ነኝ። እናቴ "አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ናሙና ይሰጣል" እያለች ታሾፍብኛለች።

ካሜራ መፈለግ የጀመርኩት በበረንዳችን የተነሳ ነው። ቤታችን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ቆሜ ሚኒባሶቹ ከታች ሲዞሩ አያለሁ። ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ የኋላ መብራቶች ቀይ ሆነው እየተከታተሉ ይታጠፋሉ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የሆነ አገር አደባባይ ፎቶ አየሁ። መኪኖቹ የሉም፤ መብራታቸው ብቻ እንደ ቀይ ክር አደባባዩን ዞሮታል። ለካ ፎቶው የተነሳው የካሜራውን ዓይን ለረጅም ሰከንዶች ከፍቶ በመተው ነው፤ ሎንግ ኤክስፖዠር ይሉታል። የእኛንም ማዞሪያ እንዲህ ሆኖ ማየት አማረኝ። በስልኬ ሞከርኩ፤ የወጣልኝ ቅባት የነካው መስኮት የመሰለ ነገር ነው።

እያነበብኩ ስመጣ አንድ የሚያስደስት ነገር ገባኝ፤ ለዚህ ሥራ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ካሜራን የሚያስወድደው በአብዛኛው ፍጥነቱ ነው፤ የሚሮጥ ልጅ፣ የሚዘል ኳስ ተጫዋች መያዝ መቻሉ። እኔ የምፈልገው ተረጋግቶ የሚጠብቅ ነው። ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚስተካከል፣ ዓይኑ እስከፈለግሁ ድረስ ተከፍቶ የሚቆይ፣ ጣቴ ሳይነካው በገመድ የሚነሳ፣ ከሥሩ ለባለ ሦስት እግር ስታንድ የሚሆን ደህና ቀዳዳ ያለው አሮጌ ካሜራ ይበቃኛል። የሚተርፈውን ገንዘብ ለጠንካራ ስታንድ ማዋል ይሻላል፤ ንፋስ ሲነካው በሚንቀጠቀጥ ስታንድ ላይ የተቀመጠ ምርጥ ካሜራ የሚያነሳው መንቀጥቀጡን ነው።

ችግሩ አሮጌ ካሜራ አመል አለው። ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ፣ ሴንሰሩ፣ ብዙ ተከፍቶ ሲቆይ ይግልና ጨለማው ላይ ቀይና ነጭ ነጠብጣብ ይረጭበታል። በቀን በተነሳ ፎቶ ላይ ይህ ጉድ አይታይም። ሻጩ ራሱ አያውቀው ይሆናል። ወይም ያውቃል፤ እኔ የማምነው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ አንድ መላ አለ። የሌንሱን ክዳን ሳይከፍቱ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማንሳትና፣ የወጣውን ጥቁር ፎቶ አጉልቶ ነጥብ መፈለግ።

ጦር ኃይሎች አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ይህን ስሞክር ባለሱቁ የረሳሁ መሰለው።

"ክዳኑ እኮ አልተከፈተም" አለኝ በትሕትና።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን እያነሳሽ ነው?"

"ጨለማ።"

ከጎኑ ያለውን ባለሱቅ በዓይኑ ጠራው። እሱም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ስክሪኑን አጉልቼ ጥቁሩን ከዳር እስከ ዳር ስበረብር ባለሱቁ ካሜራውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ። የሆነ ነገር ፈትቼ እንዳልወሰድኩበት አገላብጦ አየውና መስታወቱ ውስጥ መለሰው። በነገራችን ላይ ነጠብጣቡ ሩዝ የተደፋበት ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ሻጭ ከዚህም ባሰ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው ያሳየኝ፤ ያ ብቻውን ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ካሜራው ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ ሰውየው ጥድፊያ ላይ ነው። የማስታወሻ ካርዱን ስከፍት የሕፃን ልደት አገኘሁ፤ ፊኛ፣ ኬክ፣ ሻማ የምታጠፋ ጥርሷ የወለቀ ልጅ።

"ልጅህ ናት?" አልኩት።

"አዎ፣ የኔ ናት።"

"ታድላ! ማን ትባላለች?"

ሰውየው የመኪናውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። የገዛ ልጁን ስም እዚያ የጻፈው ይመስል ቆየ። ሳልሰናበተው ወርጄ፣ እስከ ታክሲው ድረስ ወደ ኋላዬ እያየሁ ሄድኩ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት "ያገለገለ ዕቃ ያለ ዋስ እዚህ ቤት አይገባም" አለች። እንግዳ ነገር አልጠየቀችም። ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ ሻጩ መታወቂያ ያሳያል፣ ዕቃው የስርቆት ሆኖ ቢገኝ "እኔን ጠይቁኝ" የሚል ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ባለበት ይፈራረማሉ። እናቴ ግን "ዋስ" የሚለውን ቃል ስትጠራ ድምፅዋ ይለወጣል። ምክንያቱ አባቴ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ ኮልፌ ጨርቅ ይነግድ የነበረ ሰው ነው። ሰው አምኖ አይጠግብም። ከአገር ቤት ለመጣው ሁሉ፣ ቸርች ለተዋወቀው ሁሉ ዋስ ይሆን ነበር። ከእነዚህ አንዱ በእሱ ዋስትና መጋዘን ተቀጠረና የመጋዘኑን ዕቃ ይዞ ጠፋ። የጠፋውን ዕቃ ዋጋ አባቴ ሲከፍል የእኛም ሱቅ በዚያው ሄደ። ያኔ እናቴ አባቴን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ከእንግዲህ ለማንም ዋስ እንዳይሆን ቃል አስገባችው። ተንበርክከው ጸለዩበት፤ እኔም ሳሎን ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዋስ ፈልጎ ደጃችንን የሚያንኳኳ ሰው በሩን የምትከፍትለት እናቴ ናት፤ ብዙም አይቆይም።

ሦስተኛውን ሻጭ ያገኘሁት ቤቴል፣ ከክሊኒኩ በማይርቅ ካፌ ውስጥ ነው። ሠርግና የቸርች ፕሮግራም የሚቀርጽ ቀጭን ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ ገና አልቆየም። ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠና "በጣም ተሠርቶበታል" አለኝ።

ደነገጥኩ። እንዲህ ያለኝ ሻጭ አልነበረም።

"ስንት ሠርግ እንደቀረጽኩበት አላውቀውም" ብሎ ቀጠለ። "አሁን ለቪዲዮ የተሻለ ያስፈልገኛል፤ ለዛ ነው የምሸጠው። ለፎቶ ግን ገና ይሠራል።"

እውነት የሚናገር ሻጭ ምን ደብቆ ነው? ትንሿን እውነት ሰጥቶኝ ትልቋን ሊያስረሳኝ ይሆናል ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። ባትሪውን አውጥቼ አሸተትኩት። የስታንዱ ቀዳዳ ጥርሱ እንዳልተበላ በጣቴ ዳሰስኩ። ከካሜራው ጋር ያመጣውን የማንሻ ገመድ ሰክቼ ዓይኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሜ ከፈትኩ። ቀጥሎ ክዳኑን ገጠምኩ፤ በአሮጌ ካሜራ ብርሃን ከኋላ፣ ዓይናችንን ከምናስጠጋበት ቀዳዳም ስለሚገባ፣ እሱን በስካርፌ ሸፈንኩትና ጨለማዬን አነሳሁ። ልጁ አልሳቀም፤ አስተናጋጇ ናት የሳቀችው። ስክሪኑን ሳጎላው ጥቁሩ ንጹሕ ነው፤ ቀኝ ጥጉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ አለች።

እኔ ሳልናገር "እሷን ነው?" አለ። "ሁልጊዜ እዛው ናት። እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው የማጠፋት።"

ልቤ ካሜራው ላይ ቀረ። ዋጋውም ከአቅሜ ብዙ የማይበልጥ ነበር፤ ይህም ቢሆን አላረጋጋኝም።

"ዋስ ታቀርባለህ?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "እዚህ ዋስ የሚሆነኝ ሰው የለኝም። ከሰው ጋር ገና እየተዋወቅኩ ነው።"

"እንግዲያው አይሆንም።"

"ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ልፈልግ" አለና ካሜራውን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እኔም በልቤ ተሰናበትኩት።

ራት ላይ የልጁን ነገር አወራሁ። ስለ ንጹሑ ጥቁር፣ ስለ ቀይዋ ነጥብ፣ ስለ ገመዱ ሳልጠየቅ ብዙ ተናገርኩ። እናቴ "ዋስ ከሌለው የለውም፣ አለቀ" አለች። አባቴ ግን ጉርሻውን ውጦ "የት ነው የሚቀመጠው?" አለ።

"ማን?"

"ልጁ ነዋ።"

"ቤቴል ካፌው አካባቢ ነው መሰለኝ፤ ምነው?"

"ምንም። ካሜራው ግን ጥሩ ነው ነው የምትይው?"

ጠረጠርኩት። ደብቆ ገዝቶ ሊያመጣልኝ አስቦ ይሆናል ብዬ ነው የጠረጠርኩት፤ የባሰ ነገር አልመጣልኝም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልጁ ደወለ። ደስ ብሎታል። ዋስ አግኝቷል። "የኮልፌ ሰው ናቸው፤ እዚያ የማያውቃቸው የለም" አለኝ። ባለፈው ሰው የሌለው ልጅ ዛሬ ኮልፌ በሙሉ የሚያውቀውን ሰው ከየት አመጣ? ገንዘብ ከፍሎ ያቆመው የውሸት ዋስ ይሆናል አልኩ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከሥራ ወጥቼ ካፌው ስደርስ መታወቂያውን በደንብ ላገላብጥ ተዘጋጅቼ ነበር።

ጥግ ካለው ጠረጴዛ፣ ከልጁ ጎን፣ አባቴ ተቀምጧል። የእሑድ ኮቱን ለብሷል። መታወቂያውን ከፊቱ አውጥቶ አስተካክሎ አስቀምጦታል።

"እሳቸው ናቸው" አለ ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

አባቴ እንደማያውቀኝ ሁሉ "ጤና ይስጥልኝ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያ ቀጭን ልጅ ሽማግሌውን ከየት አጠመደው? ምን ብሎ አታለለው? "አንዴ ይፈቀድልኝ" አልኩና አባቴን በክንዱ ይዤ ወደ ውጭ፣ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ወደቆሙበት አወጣሁት።

"አባዬ፣ ይሄን ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ከትናንት ወዲያ!"

"ትናንትም ተገናኝተናል።"

"ለመነህ?"

"ኧረ እሱ አልለመነኝም። ጠይቄ፣ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዋስ አጥተህ ነው አሉ፣ እኔ እሆንልሃለሁ አልኩት።"

"አባቷ ነኝ አልከው?"

"ለምን እለዋለሁ? አንቺ ብትሰሚ እሺ አትይም።"

መንገደኛው እያየን ነው። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "አባዬ፣ አስበው እስቲ። ነገ ፖሊስ መጥቶ ዕቃው የስርቆት ነው ቢል እኔ የምይዘው አንተን እኮ ነው! አባቴ ዋስ የሆነልኝ ዕቃ ምኑ ዋስ አለው?"

"ያዢኝ" አለ። "እኔ የት እሄዳለሁ? ቤት ነው ያለሁት።"

ሳቄ መጣ፣ ግን ተናድጄ ስለነበር አልሳቅሁም። "እማዬስ? ቃል ገብተህላት የለም?"

ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው። "ያን ሁሉ ካሜራ አየሽ፣ ሁሉንም እየጠረጠርሽ መለስሽ። ተሳስተሻል አላልኩም። የዚህን ልጅ ካሜራ ግን ስታወሪ ፊትሽ ሌላ ነበር። እንዲህ ሆነሽ ካየሁሽ ቆየሁ። እሱም ዋስ አጣሁ ብሎ ሲቀር ደስ አላለኝም። በቃ፣ ይሄው ነው።"

ይህን ሰው ሱቁን ያሳጣው ይኸው አመሉ ነው። ሳስበው ተበሳጨሁ፤ እዚያው ደግሞ ልቤ ተነካ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሆኑብኝ። እጁን ይዤ ተመለስኩ።

ልጁ በመስታወቱ ሲያየን ቆይቷል። "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለ።

"አባቴ ነው" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ካሜራውን ከጠረጴዛው አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። "አባትሽ ናቸው? ታዲያ እንዴት ነው አባት ለሻጭ ዋስ የሚሆነው? ለራሱ ልጅ? አባባ፣ እርስዎ ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?" ወደ በሩ አየ፣ ከውጭ ሦስተኛ ሰው የሚጠብቀን መስሎት መሰለኝ። "ምን ልትሠሩኝ ነው?"

ከጦር ኃይሎቹ ባለሱቅ በቀር እኔን ሰው ጠርጥሮኝ አያውቅም፤ ጠርጣሪዋ እኔ ነኝ። "ምንም የለም" እላለሁ፣ ልጁ ይብሳል። አባቴ "ልጄ፣ ተቀመጥ" ይለዋል፣ ልጁ ይቆማል። በመጨረሻ "እመነኝ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ሌሎች ሲሉኝም ቦርሳዬን ነው የማጠብቀው። ልጁም የመታወቂያችንን ኮፒ፣ የሁለታችንንም፣ አምጡ አለ። ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር። የካፌዋ ገንዘብ ተቀባይና አስተናጋጇ ምስክር ሆኑ። አባቴ አስተካክሎ፣ ቀስ ብሎ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

ቤት ስንደርስ ገና አልጨለመም፤ የበረንዳው በር ተከፍቶ የማምሻው ብርሃን ሳሎኑ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ካሜራውን ዞራ እንኳ ሳታይ "ዋሱ ማነው?" አለች።

"የሰፈር ሰው ነው።"

"የሰፈር ሰው ስም የለውም?"

"ሽማግሌ ነው፣ የታወቀ ሰው ነው እማዬ።"

"አንቺ ታምኚዋለሽ?"

አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል። "አምነዋለሁ" አልኩ።

እናቴ በጥርጣሬ አየችኝ። "አንቺ? ሰው አመንሽ?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ዋሱ እኔ ነኝ።"

ከታች የረዳቶቹ ጩኸት ይሰማል። እናቴ ከአባቴ ወደ እኔ ዞረች። "እያወቅሽ ነው የፈረምሽው?"

"እያወቅሁ ነው።"

"አምነሽው።"

"አምኜው።"

"እኔም አምኜው ነበር" አለች።

አባቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የገባሁበት ነገር አስፈራኝ፤ ካሜራውን ይዤ ተመልሼ ብሮጥ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን "በይ አንሺ" አለችኝ። "ቃል የተበላበት ዕቃ ምን እንደሚሠራ ልየው።"

ቀድሜ የገዛሁትን ስታንድ ዘረጋሁ። ካሜራውን አባቴ ላይ አስተካከልኩ። "አባዬ፣ እስክልህ ድረስ እንዳትንቀሳቀስ። አፍህንም እንዳትከፍት" አልኩት። ገመዱን ተጭኜ ዓይኑን ከፈትኩ።

አባቴ መንቀሳቀስም መልስ መስጠትም እንደማይችል ሲገባት እናቴ ከወንበሩ ፊት መጣች።

"አሁን ትሰማኛለህ" አለች። ከበረንዳው በር እስከ ወንበሩ ትመላለስ ጀመር። "ሱቁ ሲሄድ የቆጨኝ ሱቁ መሰለህ? ሱቅ ይመጣል ይሄዳል። ለዚያ ሁሉ ሰው ስትፈርም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን 'ምን ትያለሽ' ብለህ አልጠየቅኸኝም። ከሰው ነው የምሰማው። ዛሬም አልጠየቅኸኝም። ለልጄ ነው ብትለኝ እምቢ የምል መስሎህ ነው? እኔ ለሷ ዋስ የማልሆን ይመስልሃል?"

አባቴ ዓይኑን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ግን እሷ እየተናገረች ገመዱን መልቀቅ አልቻልኩም። ተናግራ ጨረሰች። እኔ ካሜራው ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ እሷ ከወንበሩ ኋላ ሄዳ ስትቆም ኮቴዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ትንሽ ጠበቅሁና ዘጋሁት።

ዓይኑ ክፍት እያለ የሚመላለስ ሰው ፎቶው ላይ አይያዝም፤ እንዳልነበረ ይሆናል። ያን ሁሉ የተናገረችው እናቴ ስክሪኑ ላይ የለችም። አባቴ በእሑድ ኮቱ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ትከሻው ላይ ግን፣ መጨረሻ ላይ ረግቶ የቆየ አንድ እጅ አለ። የኮቱ መስመር በጣቶቹ ውስጥ አልፎ ይታያል።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?" አለች።

አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ።

"ያንቺ ነው" አላት።